አርባ ምንጭ ስትመጡ አጎበሩን የት ረሳችሁት?

የትምህርት ቤት እረፍት ወይም በዓል በተቃረበ ቁጥር ስልካችን ላይ አንድ ነገር መዞር ይጀምራል። «ከቤተሰብ ጋር ለመዝናናት ስትወጡ የግድ መያዝ ያለባችሁ ነገሮች» ዓይነት። አንዱ ቪዲዮ ሠርቶት፣ ሌላው ወደ ቴሌግራም አምጥቶት፣ ሦስተኛው ወደ አማርኛ መልሶት እኛ ጋ ይደርሳል። ለመላው ቤተሰብ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ በባትሪ የምትሠራ የእጅ ማራገቢያ፣ ረጅም ሰልፍ ላይ ልጆች የሚጫወቱበት ነገር፣ ፓወር ባንክ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ፎቶ ላይ የሚያምር ኮፍያ።

ዝርዝሩ ክፉ አይደለም። የተጻፈው ግን ለሌላ ቦታ ነው። አጥርና በር ላለው፣ በየጥቂት እርምጃው ውኃና አይስክሬም ለሚሸጥበት፣ ልጅ ሲጠፋ በድምፅ ማጉያ ለሚጠራበት መዝናኛ ፓርክ ነው የተጻፈው። አዲስ አበባ ቦራ ፓርክ ወይም ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ወተር ፓርክ የሄደ ሰው ነገሩን በትንሹም ቢሆን ያውቀዋል። እኛ ጋ ግን «ፓርክ» ሲባል ነጭ ሳር ነው። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሜዳ፣ ጫካና ሐይቅ። መወዛወዣም ሮለር ኮስተርም የለውም፤ አጥርም የለውም።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድ ሲከፈት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነበሩት መዝናኛዎች አንዱ «ጃንግል ክሩዝ» የሚባል የጀልባ ጉዞ ነበር። እስካሁንም አለ። ጀልባዋ በሰው ሠራሽ ወንዝ ላይ ትሄዳለች፣ ጉማሬው ከውኃ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ ወላጅ ይስቃል። ጉማሬው ማሽን ነው። አዞውም ማሽን ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ የምትሳፈሩባት ጀልባም ወደ ጉማሬና ወደ አዞ ነው የምትወስዳችሁ፤ እዚህ ግን ማጥፊያ ቁልፍ ያለው አንድም እንስሳ የለም።

እኔ የምኖረው ሴቻ ነው። ለማያውቁት፣ አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል፤ ላይኛው ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ። ሁለቱን ሐይቆች፣ በመሃላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይና ታች ያለውን ጫካ አንድ ላይ ለማየት የሚመጣ ሰው ሁሉ አንዴ ሴቻ ጫፍ ላይ መቆሙ አይቀርም። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ሻንጣ ከመኪና የማወርደው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ምን ተይዞ እንደሚመጣ በደንብ አውቃለሁ። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ሦስት ፓወር ባንክ፣ ሁለት ትራይፖድ፣ አንድ ሪንግ ላይት፣ ለሦስት ቀን የሚሆን ዘጠኝ ቅያሪ ልብስ ይዞ ይመጣል። አጎበርስ? «እንዴ፣ ሆቴሉ የለውም እንዴ?» ለልጁ ሹራብስ? «አርባ ምንጭ ሙቀት ነው አላላችሁም?» ዝርዝር ብርስ? «ቴሌብር አለኝ።»

እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሻንጣው ከመካከላችሁ በዕድሜ ለሚያንሰው ሰው ይዘጋጅ። ለሦስት ዓመቷ ልጅ የተዘጋጀ ሻንጣ ለሁላችሁም ይበቃል። ለፎቶ የተዘጋጀ ሻንጣ ግን ለሦስት ዓመቷ ልጅ አይበቃም።

ከአጎበሩ ልጀምር፤ ቀልድ ስላልሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ነው የሚወሰደው። እዚህ ያለን ሰዎች ወባን እንደ ጉንፋን ነው የምናወራው፤ «ትናንት ወባ አሞኝ ቀረሁ» ይባላል። ይህ አነጋገራችን እንግዳን ያታልላል መሰለኝ። ወባ ግን ጉንፋን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት መመዝገቡን አሳውቆ ነበር። በበሽታው ክፉኛ የሚጎዱት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ በሽታውን አይቶት ስለማያውቅ ሰውነቱ ምንም ልምድ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ሚያዝያና ግንቦት፣ ሌላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ። ትንኟ የምትበዛው ዝናቡን ተከትላ ነው። እንግዳ የሚበዛውስ መቼ ነው? መስከረም ላይ ለጋሞ መስቀል፣ ለ«ዮ ማስቃላ»፤ ከፋሲካ በኋላ ለሠርግ። ሁለቱ ይገጣጠማሉ። አካባቢው አረንጓዴ ሆኖ ፎቶ ላይ የሚያምርበት ጊዜ አጎበር የግድ የሚሆንበት ጊዜ ነው።

«ሆቴሉ አለው» ለሚለው መልሴ፣ አዎ ብዙዎቹ አላቸው። ነገር ግን አልጋው ላይ የተንጠለጠለው አጎበር ስንት ቀዳዳ እንዳለው የምታውቁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ የሚገዛበት ሱቅ ተዘግቷል። ለሁለት ሰው የተሠራ አጎበር ውስጥ አራት ሰው ሲተኛ ደግሞ የአንዱ እጅ ወይም እግር መረቡን መንካቱ አይቀርም፤ ትንኟ በዚያ በኩል ትነድፋለች። ስለዚህ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ከቤት ይያዝ፣ ከእሱም ጋር አንድ ጥቅል ሲባጎ። ሲባጎውን የምላችሁ አጎበር ይዞ መጥቶ የሚሰቅልበት ገመድ ያጣ ቤተሰብ ስላየሁ ነው። አጎበር ሲታጠፍ ከአንድ ጥንድ ጫማ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ያውም ዘጠነኛውን ቅያሪ ብትተዉት ቦታው ይገኛል።

ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ሥራ የምትጀምረው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሐይቅ የሚያሳየው በረንዳ ላይ እራት የሚበላው፣ ልጆች በቁምጣ የሚሮጡት፣ ትልልቆቹም «እስቲ ነፋስ እንቀበል» የሚሉት በዚሁ ሰዓት ነው። ለልጁ እጀ ረጅም ቀጭን ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ያዙለት፤ አመሻሽ 12 ሰዓት ሲሆን ይልበስ። ትንኝ የሚያባርር ቅባት ከአዲስ አበባ ፋርማሲ ይዛችሁ ኑ፤ ማሸጊያው ላይ ለልጅ ስለመሆኑ የተጻፈውን አንብቡ፤ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን አይቀባም፣ አጎበር ውስጥ ይሁን። ነፍሰ ጡር ካለች ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ ልጅ ካለ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ቤት የተረፈ የወባ መድኃኒት «ለማንኛውም» ብሎ መያዝና በግምት መዋጥ ይቅር።

ከውጭ የሚመጡትን ሳነሳ፣ «እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት» የሚሉ አሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከጉዞ ጋር በተያያዘ በወባ ከሚታመሙት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ትውልድ አገራቸው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቱሪስቱ ፈርቶ ይዘጋጃል፣ የአገሩ ልጅ አይፈራም። በልጅነት በሽታውን የለመደ ሰውነት ከዓመታት በኋላ ያንን ልምድ ያጣዋል። ልጆቹ ደግሞ ከነጭራሹ አልነበራቸውም።

ወደ ሐይቁ እንሂድ። «የአዞ ገበያ» ሲባል አዞ የሚሸጥበት ቦታ የሚመስላቸው እንግዶች አሉ፤ ገበያም ሻጭም የለም። የኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ የሚገባበት አካባቢ ያለው ዳርቻ ላይ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ ተሰብስበው ስለሚተኙ የወጣ ስም ነው። ረፋድ ላይ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመው ታገኟቸዋላችሁ። አፍ መክፈታቸው ሙቀት ለማስወጣት እንጂ ለእናንተ ፎቶ አይደለም። ከአምስት ሜትር የሚበልጡ አሉ።

ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው አንድ ትልቅ ነገር ለልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ነው። ጀልባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የአዋቂ ነው። የአዋቂ ላይፍ ጃኬት የለበሰ የአራት ዓመት ልጅ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይቀራል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለጀልባ ማኅበሩ ወይም ለአስጎብኚው ደውሉና «የልጅ አላችሁ ወይ?» በሉ። ከሌለ ዋና የሚያስተምር ዘመድ ወይም ገንዳ ያለው ሰው ለምናችሁ ይዛችሁ ኑ። እሱም ካልተገኘ ልጁ ከአያቱ ጋር ከተማ ይቆይ። ይህን ስል ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አሉ፤ «ለእሱ ብለን አይደል እንዴ የመጣነው?» ይሉኛል። ሐይቁ የትም አይሄድም፣ ልጁም ያድጋል፤ ሌላ ጊዜ ይመጣል።

ጀልባው ላይ ስልካችሁን በአንገት ማንጠልጠያ አድርጉት፣ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ውስጥም ይሁን። እጅ ወደ ውኃ አይዘርጋ፣ ማንም ለቪዲዮ ብሎ አይነሳ። ባለ ጀልባው «አሁን አንጠጋም» ካለ አንጠጋም ማለት ነው፤ ጉርሻ ጨምራችሁ አታስቀይሩት። ጉማሬ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ አካባቢውን የሚከላከል እንስሳ ነው። ዓሣ አጥማጆቻችን ኑሯቸው ሆኖባቸው በየቀኑ ከእነዚህ እንስሳት ጋር ነው የሚውሉት፤ በዚህ ጉዳይ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጫሞ ማዕበል ይኖረዋል። ማልዶ መውጣት ይሻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ሻንጣ ውስጥ የለም፣ ማታ ቀደም ብሎ መተኛት ነው።

የነጭ ሳር ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ ለቤት መኪና የሚሆን አይደለም፤ ከፍ ያለ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ይፈልጋል። ሜዳው ላይ ኪዮስክ የለም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ፣ በየቦታው በሚጣል ሃይላንድ ሳይሆን በትልቅ ጀሪካንና በየግል ኮዳ። ልጅ በሙቀት ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ነው መፍትሔው፤ ሁለት ሦስት ከረጢት ቦርሳ ጎን ብታስገቡ ክብደቱ አይታወቅም።

አርባዎቹ ምንጮች ጋ የሚወርደው የጫካ መንገድ እርጥብና አንሸራታች ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ የወረደ ሁሉ ሲመለስ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው። የሚያስር፣ ሶሉ የማይላላ ጫማ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ከተማችን የምትጠጣው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። ሳሙና ይዛችሁ አትውረዱ፤ የሕፃን ዳይፐር ደግሞ የምትመልሱበት ላስቲክ ይኑራችሁ።

ዝንጀሮና ጦጣን በተመለከተ፣ ዚፕ ያለው ቦርሳ ያዙ፤ ክፍት ዘንቢል ለእነሱ የተዘረጋ ገበታ ነው። ሙዝ በእጅ እየሰጡ ቪዲዮ መቅረጽ ደግሞ ይቁም። ዛሬ ከእናንተ እጅ የበላ ዝንጀሮ ነገ ከሌላ ሕፃን እጅ ነጥቆ ነው የሚበላው፤ ሕፃኑ ደግሞ ሙዙን አልለቅም ይላል።

አሁን ወደ ዶርዜ እንውጣ። ሹራቡ እዚህ ነው የሚያስፈልገው። ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ወደ ጨንቻ ስትወጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ወደ 2,700 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ልዩነቱ ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ ይሆናል። ጉም ሲወርድና ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው የሚሰማው። ጠዋት ሲቀላ በላብ የተጠመቀው ልጅ ረፋድ ላይ ዶርዜ መንደር ውስጥ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለልጁ ሹራብ፣ ለአያት ጋቢ፣ ለሁሉም ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢውን ረስታችሁ ከመጣችሁ አትዘኑ፤ የሸማኔ አገር ነው፣ እዚያው ግዙ። ሽሮ ሜዳ የምትገዙት ጥበብ የተሠራበት እጅ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ተራራ የወረደ ነው። እዚህ ወንዶቹ ሲሸምኑ፣ ሴቶቹ ጥጥ ሲፈትሉ ልጆቻችሁ ፊት ለፊት ያያሉ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ያለበትን ዱንጉዛ ለመላው ቤተሰብ ብትገዙ ያ «አንድ ዓይነት ቲሸርት» የተባለው ነገርም ተሟላ ማለት ነው።

ስለ ቤቱ ብዙ አልልም፤ ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ዝሆን የሚመስል፣ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በዓመታት ውስጥ እያጠረ የሚሄድ ቤት ነው። ገብታችሁ እዩት። ቆጮውን በማር ብሉት፤ ዳጣውን ለልጅ አታስቀምሱ፣ ያቃጥላል።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ ነው ያለው። ከረሜላ አትያዙ። በጠማማው ዳገት መንገድ ላይ መኪና ሲያዩ እየጨፈሩ፣ በእጃቸው እየቆሙ፣ እየተገለባበጡ የሚመጡ ሕፃናት አሉ። አዲስ ሰው ሲያያቸው ደስ ይለዋል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ከመስኮት ከረሜላ ወይም ብር ይወረውራል። ቪዲዮው ብዙ ላይክ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቪዲዮ ላይ አይታይም። የተወረወረውን ለማንሳት አሥር ልጅ በአንዴ ወደ መንገዱ ይገባል፤ ከመታጠፊያው በስተኋላ ሌላ መኪና ይመጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ከሚያሳልፈው ቀን መንገድ ዳር የሚያሳልፈው ቀን ገንዘብ እንደሚያስገኝለት ያስተማርነው እኛ ነን፤ የሚከፈለውም ከመኪናው ጎማ አጠገብ ነው።

ይህን ስናገር «ለድሃ ልጅ መስጠት ምን ነውር አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ነውር የለውም። ከረሜላው የሚይዘውን ቦታ ደብተርና እስክሪብቶ ይሙላው፤ ሲደርሱ የአካባቢውን ትምህርት ቤት ጠይቃችሁ ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለመምህሯ ስጡ። ፎቶ አይወጣውም፣ አውቃለሁ። ልጆቻችሁ ግን እጃቸውን ዘርግተው ደብተር ሲሰጡና ከመስኮት ከረሜላ ሲወረውሩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት አይሆንባቸውም።

ስለ ምግብ ደግሞ፣ የእናቶች ስንቅ አይነካ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ ይያዝ፤ በሆሳዕናና በሶዶም ኑ በሻሸመኔ መንገዱ ረጅም ነው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ልጅ ይርበዋል። ከዚያ በላይ ግን የሦስት ቀን ወጥ በፕላስቲክ ሣጥን ጭናችሁ አትምጡ። በዚህ ሙቀት ይበላሻል፤ ባይበላሽም ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀይ ወጥ መብላት ምን ይባላል? የከተማዋ ዓሣ ጥብስና ዓሣ ኮተሌት ጠብቋችኋል። ለልጅ አጥንት የሌለውን ጠይቁ። የዓሣ አጥማጁ፣ የአስተናጋጇ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ገቢ ከእናንተ ሳህን ነው የሚወጣው። ስንቅ አሟልቶ መጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ፕላስቲኩን ትቶ የሚሄድ እንግዳ ለከተማዋ ምን ጠቀማት?

ስለዚህ ሻንጣችሁ ውስጥ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ወይም ትልቅ ዘንቢል ይግባ። ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላንቴ ስትደርሱ ሙዙን ታያላችሁ፤ ወቅቱ ከሆነ ማንጎም አለ። ያኔ ቦታ የሌለው መኪና ያስቆጫል። ሙዙን ያልበሰለውን ምረጡ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ እየበሰለ ይቆያችኋል።

ገንዘብን በአጭሩ። ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም ከተማ ውስጥ ይሠራል። ጫካ ውስጥ፣ ሐይቅ ላይ፣ መንደር ውስጥ ግን ኔትወርክ ላይ አትማመኑ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ለመንደር መግቢያ፣ ለመኪና ጠባቂ፣ ለሙዝ ሻጭ። ካርታውን ኢንተርኔት ሳይኖር እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱት። የሁላችሁንም መታወቂያ ያዙ፤ የአገር ነዋሪና የውጭ ዜጋ የፓርክ መግቢያ ዋጋ አንድ አይደለም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ቤት ይቅር።

ፓወር ባንኩን ያዙት፣ ምን አለበት። ሪንግ ላይቱን ግን በእውነት አልገባኝም፤ ከሴቻ ጫፍ ላይ አመሻሽ ላይ አባያ ሲቀላ፣ ጫሞ ሲሰማያዊ አይቶ መብራት ያነሰው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

አንድ ነገር ቀረ፤ ይህ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ስልክ ውስጥ ግን ይገባል። ከአርባ ምንጭ የተመለሳችሁበትን ቀን ካላንደራችሁ ላይ መዝግቡት፣ ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ማስታወሻ እንዲሰጣችሁ አድርጉ። ወባ በተነደፉበት ቀን አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ሲዘገይም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እናንተ ጉዞውን ረስታችኋል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ አንድ ማታ ያተኩሰዋል። አዲስ አበባ ክሊኒክ ውስጥ ወባ መጀመሪያ የሚታሰብ በሽታ አይደለም፤ ጉንፋን ነው፣ ቶንሲል ነው ሊባል ይችላል። እናንተ ግን ሳትጠየቁ «ከአርባ ምንጭ ከተመለስን 12 ቀናችን ነው፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት» በሉ። ምርመራው ከጣት ጫፍ የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ነው የሚፈልገው፤ ውጤቱም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይታወቃል።